የተረፈው ክኒንና የማይከፈተው ሣጥን

ከቁልፍ ሠሪው የሐሞት ከረጢት የወጣው ጠጠር፣ በወጣበት ዕለት የባቄላ ፍሬ ያህል ነበር። ሰውየው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ እስኪደርስ የእርግብ እንቁላል አከለ። ጠያቂ መጉረፍ ሲጀምር የዶሮ እንቁላል ሆነ፤ ሰንበትበት ሲል ደግሞ ለመሠረት ቢጥሉት ፎቅ የሚሸከም ቋጥኝ ወጣው። ጠጠሩ በብልቃጥ ተከቶ መስኮቱ ላይ ስለተቀመጠ፣ ጠያቂው አንዴ ብልቃጡን አንዴ ባለ ጠጠሩን እያየ፣ «ይቺው ናት?» ይላል።

«አይ፣ ይቺማ ፍርፋሪዋ ናት» ይላል ቁልፍ ሠሪው ዓይኑን ሳያሽ። «ዋናዋን ሐኪሞቹ ለትምህርት አስቀሯት። ለሁለት ነው ተሸክመው ያወጧት።»

ሰፈሩ ይህን ሰው «አይበገሬው» ይለዋል። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው፤ ሰፈሩም የተቀበለው ክርክሩ ቢሰለቸው ነው። እጁ ግን የተባረከ ነበር፣ አይካድም። ጆሮውን በር ላይ ደቅኖ የቁልፍን ሆድ ዕቃ ያዳምጣል፤ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ ቁልፉ በገዛ ፈቃዱ ይናዘዝለታል። እሱ በመንገድ ሲያልፍ የሰፈሩ በሮች በማጠፊያቸው ላይ ይንቀጠቀጣሉ፤ ልበ ደካሞቹ ሳይነኩ ይከፈታሉ ይባላል። የሚለውም እሱ ነው።

ጠጠሩስ ይሁን። መዘዙ የመጣው በክኒኑ ነው።

ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ማስታገሻ ሲያዝለት፣ «ጠንከር ያለ መድኃኒት ነው፣ ከሞርፊን ወገን ነው። ሲያምህ ብቻ፣ ባዘዝኩህ ልክ ውሰድ። ሲሻልህ አቁም። ለማንም እንዳትሰጥ» ብሎት ነበር። አይበገሬው ከዚህ ሁሉ ምክር ይዞ የወጣው «ከሞርፊን ወገን» የምትለውን ብቻ ነው። ወገን ያለው ክኒን! ዘሩ የሚቆጠር ክኒን! ሕመሙ በጥቂት ቀን ለቀቀውና ክኒኑ ከጠርሙሱ ግማሽ በላይ እንደሞላ ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን ረስቶት ይተኛ ነበር። እሱ ግን በየሻይ ቤቱ ይዞት ዞረ።

«ይህችን ክኒን ለዝሆን ብትሰጠው፣» ይላል ጠርሙሱን ከጆሮው አጠገብ እያንኳኳ፣ «ዝሆኑ ቁጭ ብሎ ይዘፍንልሃል።»

እንግዲህ በዚያ መንገድ ላይ የተረፈ መድኃኒት እንደ ክብሪት ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይዋሰዋል። የአንዱን ሳል ያዳነ ሽሮፕ፣ የሌላው ቤት ሳል እስኪመጣ መደርደሪያ ላይ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ የታመመ ሰውም የዚያ በሽታ ሐኪም ሆኖ ይሾማል። የዝሆኑ ወሬ እንደተሰማ የሰፈሩ ወገብ ሁሉ በአንድ ላይ ታመመ። ትናንት ጆንያ ተሸክሞ ሲሮጥ የዋለ ጎረምሳ ዛሬ በከዘራ መጣ። አይበገሬው ለሁሉም «እናያለን» እያለ ሲያጉላላ ሰነበተና፣ በመጨረሻ ልቡ የራራው ለግድግዳ ተጋሪው ለፀጉር ቆራጩ ሆነ። የፀጉር ቆራጩ ጥርስ ጉንጩን እንደ ኳስ ነፍቶት ነበር።

አንዷን ሰጠው። ፀጉር ቆራጩ ቀደም ብሎ ለዚያው ለጥርሱ ብሎ ሁለት መለኪያ አረቄ ጠጥቶ እንደነበር አልጠየቀውም፤ ያም አልነገረውም።

ወንበሩ ላይ የታክሲ ነጂው ጢሙን ሊላጭ ተንጋሏል። ፀጉር ቆራጩ የቀኙን ወገን ሙልጭ አድርጎ ላጨና ወደ ግራው ሊሻገር ሲል፣ ቆሞ ተኛ። ደግነቱ ምላጩ ከእጁ ወደቀ። ራሱን በደንበኛው ትከሻ ላይ አስደገፈና ጸጥ አለ።

«ምነው ወንድሜ?» አለ የታክሲ ነጂው ዓይኑን እንደጨፈነ። «ሐዘን ደረሰብህ እንዴ?»

መልስ ሲያጣ ዓይኑን ገለጠ። የሰውየው ከንፈር ጠቁሯል፤ ትንፋሹ አንዴ ይመጣል፣ ከዚያ ይቆያል፣ ከዚያ የመጣ ይመስልና ሐሳቡን ይለውጣል። የታክሲ ነጂው አረፋውን እንኳ ሳይጠርግ ተሸክሞት ሮጠ። ክሊኒክ ደርሰው፣ ነርሷና ሐኪሙ ተረባርበው ሰውየውን ከመለሱት በኋላ ነርሷ፣ «ይህ መድኃኒት ከመጠጥ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽን ያስረሳል። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ጨርሶ ይረሳው ነበር» አለች።

ፀጉር ቆራጩ እስኪያገግም ሱቁ ተዘጋ። የታክሲ ነጂው ደግሞ ሌላ እጅ ፊቴን አይነካውም የሚል ሰው ነውና በግማሽ ጢም ሲሠራ ሰነበተ። በቀኙ በኩል የተቀመጠ ተሳፋሪ «አንተ» ይለዋል፤ ከግራው መስኮት የሚያናግረው «አንቱ»።

ወሬው የአይበገሬው ሴት ልጅ ዘንድ ለመድረስ ከአንድ ቀን በላይ አልፈጀበትም።

ልጅቱ ሕፃኗን ታቅፋ መጣችና ከበሩ ደፍ ላይ ቆመች። አንድ እግሯን እንኳ አላስገባችም። የወሊድ ዕረፍቷ አልቆ ሰኞ ሥራ ልትገባ ነው፤ ሕፃኗም ቀን ቀን እዚህ፣ ከአያቶቿ ጋር ልትውል ነው የተባለው። አይበገሬው ይህን ቀን እንደ ዘውድ በዓል ሲጠብቅ ነበር። ሕፃኗ ገና ነው መዳህ የጀመረችው፤ በእጇ የገባውን ሁሉ በአፏ ነው የምትመረምረው።

«አባዬ፣ ያ መድኃኒት እዚህ ቤት ነው ያለው?»

«የቱ?»

«ፀጉር ቆራጩን ቆሞ ያስተኛው።»

«አንድ ብቻ ነው እኮ የወሰደው! ጉልበቷን አየሽልኝ?»

«አባዬ!»

«እሺ፣ አለ። ምን ይደረግ? የሰው ገንዘብ አይደለም፤ ሆዴን ተቀድጄ ያገኘሁት ነው።»

«ሆድህ ድኗል፣ እሱም ሥራውን ጨርሷል። እሑድ ጠዋት እመጣለሁ። ጠርሙሱ ከዚህ ቤት ካልወጣ፣ ልጅቷ የምትውለው የባሌ እናት ጋ ነው።»

ይህን ብላ ሄደች። አይበገሬው ቢላ የሰኩበት ያህል ሆዱን ያዘ። የባሏ እናት! እኚያ ሴትዮ ትንሽ ቀዳዳ ካገኙ ዓለምን የሚወርሱ ናቸው። ሕፃኗ ገና አፏን አልፈታችም፤ የመጀመሪያ ቃሏ «አባባ» እንደሚሆን ደግሞ አይበገሬው ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሮ ጨርሷል። እዚያ ውላ ሌላ ቃል ይዛ ብትመጣስ? በዚህ መንገድ ላይ በምን ዓይኑ ይሄዳል?

«ጣለዋ» አለች ሚስቱ ከጓዳ። ከሱቁ ጀርባ ያለችው ቤታቸው ጠባብ ስለሆነች እዚያ የሚባለው ሁሉ እዚህ ይሰማል።

«መጣል?» አለ። ይህ ሰው በሕይወቱ አንድ ነገር ጥሎ አያውቅም። ጥርሱ የተሸራረፈ ቁልፍ፣ ሥፕሪንጉ የወጣ ጓጉንቸር፣ በሩ የተቃጠለበት ሰው ትቶት የሄደ እጀታ፣ ሁሉ አለ። «መጣል የሰነፍ ሥራ ነው። እኔ እቆልፈዋለሁ።»

ለእሱ ዓለም በሁለት የተከፈለች ናት፤ የተቆለፈና ያልተቆለፈ። ሌላ ክፍል የላትም። ከአሮጌ ካዝና በር በቆረጠው ብረት አንድ ሣጥን ሠራ። ብረቱ መጋዝ የሚበላ፣ መሰርሰሪያ የሚያስለቅስ ብረት ነው። ሣጥኑን ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ በሲሚንቶ ቀበረው። ቁልፉን ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ሲያልመው በኖረው ጥበብ ሠራው፦ ሌባ በሽቦ የነካካው እንደሆነ፣ ከውስጥ ሁለተኛ ምላስ ወድቃ ትይዘዋለች። ያን ጊዜ ትክክለኛው ቁልፍ እንኳ ቢገባ አይከፍተውም።

«ያን ጊዜ ባለቤቱ በምን ይከፍተዋል?» አለች ሚስቱ።

«ሌባ ሳይነካውማ!»

«ቢነካውስ?»

«አንቺ ሴት፣ እኔ የሠራሁትን ሌባ ይነካዋል?»

ሌባ አልነካውም። ሌባ የነካው ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር። ጠርሙሱን ከትቶ እንደቆለፈ ዝም ብሎ መቀመጥ አቃተው፤ ማንም ያላየው ጀግንነት ለእሱ እንዳልተሠራ ነው። መንገዱን ሁሉ ጠራ። «ኑ! የፈለጋችሁትን ይዛችሁ ኑ! ይህን ሣጥን የከፈተ የአይበገሬውን ስም ይውሰድ!» ሕዝቡ መኝታ ቤቱን ሞልቶ በአልጋው ላይ ቆመ። አንዱ በምስማር ሞከረ፣ ሌላዋ በፀጉር መርፌ፤ ባለ ግማሽ ጢሙ የታክሲ ነጂ ደግሞ ከሞተሩ በነቀለው ሽቦ ገባበት። ሽቦው አንድ ሁለቴ ሲዞር ከሣጥኑ ሆድ ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ሰማችሁ?» አለ አይበገሬው፣ ሸሚዙ ለደረቱ አልበቃ ብሎ። «ያቺ ምላሷ ናት! ከእንግዲህ ዓለም ቢሰበሰብ አይከፍተውም!»

ከአፉ ከወጣው ሁሉ ያለ አንዳች ጭማሪ እውነት የሆነው ይህ ብቻ ነው።

ሰዉ እንደተበተነ ለልጁ ደወለ።

«ተቆልፏል! በምድር ላይ ያለ ሰው...»

«አባዬ፣ ተቆለፈ ማለት ከቤት ወጣ ማለት አይደለም።»

«ሣጥኑን ብታይው እኮ...»

«ቁልፉ ያለው የት ነው? አንተ ኪስ ውስጥ። አንድ ሰው መጥቶ ‹እውን ዝሆን ያዘፍናል?› ቢልህ ከፍተህ አታሳየውም?»

አይበገሬው አሰበ። «አሳየዋለሁ እንጂ አልሰጠውም።»

«ይኸው! ጥግ ያለችው ፋርማሲ የተረፈ መድኃኒት ትቀበላለች፤ ሣጥን አስቀምጣለች። እዚያ ውሰደው። እሑድ እመጣለሁ።» ስልኩ ተዘጋ።

እሺ፣ ይወስደዋል። ለሕፃኗ ሲል የሞርፊንን ዘር በሙሉ ይሸኛል። ቁልፉን አውጥቶ ከተተ፤ አዞረ። ሣጥኑ እንቢ አለ። ደግሞ አዞረ፤ እንቢ። አባበለው፣ ተቆጣው፣ በእናቱ ለመነው። ጆሮውን ደቀነ፤ ሣጥኑ እንደ አኮረፈ አማች ዝም አለው። እንዲከፈት አንድ ሰው የወደቀችውን ምላስ በሽቦ ከውስጥ ማንሳት፣ ሌላ ሰው ደግሞ በዚያችው ቅጽበት ቁልፉን ማዞር አለበት፤ ሥራው አራት እጅ ይፈልጋል። ሚስቱን ጠርቶ ቁልፉን አስያዛት። «አሁን!» ሳይላት ቀድማ ታዞራለች፣ «አሁን!» ሲላት ዘግይታ። ሽቦው ተንሸራቶ አውራ ጣቱን ሲወጋው፣ በወጣትነቱ ስለተወው ሌላ ጋብቻ አንድ ነገር አጉተመተመ። ሚስቱ ቁልፉን አልጋው ላይ ወርውራለት ወጣች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፋርማሲ ሄደ። ባለፋርማሲዋ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ የምታይ፣ ሳትስቅ የምታስቅ ሴት ናት።

«የተረፈ ማስታገሻ ትቀበያለሽ አሉ» አላት።

«እቀበላለሁ። አምጣው።»

«ማምጣቱ ላይ ትንሽ... መድኃኒቱ ሣጥን ውስጥ ነው።»

«ከነሣጥኑ አምጣዋ።»

«ሣጥኑ ግድግዳ ውስጥ ነው።»

ባለፋርማሲዋ አየችው። «ግድግዳው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ይዘኸው ና፤ በሩን እከፍትልሃለሁ።»

«ለጥንቃቄ ብዬ እኮ ነው የቆለፍኩት! ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ብጥለው ይሻል ነበር?»

«እንደዚያማ አይጣልም። ገንዳውን ውሻ ይገለብጠዋል፣ ልጅ ያገኘዋል፣ የሚፈልገው ሰው ያወጣዋል። የሚቀበል ፋርማሲ በሌለበት አገር እንኳ ሰው ሳይፈጨው፣ ማንም አፉ ሊያስገባው ከማይመኘው ነገር ጋር፣ ከአፈር ወይም ካለቀ የሻይ ቅጠል ጋር ደባልቆ፣ በፌስታል ጥርቅም አድርጎ ነው የሚጥለው። እዚህ ግን እኔ አለሁ። ስምህን ከጠርሙሱ ላይ ፍቀህ ታመጣውና በዚህች ቀዳዳ ትጨምራለህ። ነገ እስከ ቀትር ክፍት ነኝ።» ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የብረት ሣጥን አመለከተች። ዕቃ የሚገባበት እንጂ እጅ ገብቶ የሚያወጣበት ሣጥን አይደለም።

አይበገሬው የሙያ ነገር ሆኖበት ቁልፉን ጎንበስ ብሎ አየው። «ይህንማ በፀጉር መርፌ...»

«የራስህን መጀመሪያ» አለችው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ልብስ እያጠፈች ነበር። ቀና አላለችም።

«ወንድሜን ጥራው።»

«ማንን?»

«ስንት ወንድም አለኝ?»

ወንድሟን ሰፈሩ «ሽቦው» ይለዋል፤ ቀጭን ስለሆነም፣ በሽቦ ሁሉን ስለሚከፍትም። ሥራውን ያስተማረው አይበገሬው ነው። አስተምሮ ሲጨርስ ሽቦው ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊት፣ የራሱን ሱቅ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በየማለዳው መዝጊያቸውን ሲያነሱ ይተያያሉ እንጂ አይነጋገሩም። በመካከላቸው ያለው አስፋልት ሁለት መኪና አያሳልፍም፤ ግን ውቅያኖስ ነው፣ ማዕበል አለበት፣ ዓሣ ነባሪ ይኖርበታል።

«ከሱ ደጅ ከምቆም ከነሣጥኑ ልቀበር» አለ።

«እሺ። የባሏ እናት የሕፃን አልጋ ገዝተዋል አሉ» አለች ሚስቱ፣ ሸሚዝ እያጠፈች።

ሌሊቱን ያ አልጋ በዓይነ ኅሊናው ውስጥ ሲወዛወዝ አደረ።

እሑድ ጠዋት ልጁ ደውላ «መንገድ ላይ ነኝ» አለች። አይበገሬው ኮቱን ለበሰ። ግራ ቀኝ አይቶ ውቅያኖሱን ተሻገረ። ሻይ ቤቱ በር ላይ የተቀመጡት ሁሉ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ቀሩ።

ሽቦው ከመቀመጫው ተነሣ። «ጋሼ! መንገድ ጠፍቶህ ነው?»

«የሥራ ነገር ነው» አለ አይበገሬው ጣሪያውን እያየ። «አንድ የማውቀው ሰው ሣጥን ተዘግቶበታል።»

«ማነው ሰውየው?»

«ትልቅ ሰው ነው። ጎበዝ ሰው።»

«ጎበዝ ከሆነ ለምን ራሱ አይከፍተውም?»

«ሥራ በዝቶበት።»

«እሑድ ጠዋት?»

«በዝቶበት አልኩህ!»

ሽቦው መልሶ ተቀመጠና እግሩን አጣመረ። «እንግዲያው ለጎበዙ ሰው ንገረው። አንድ ቃል ብቻ ይበለኝ፣ እመጣለሁ። ያቺን ቃል ያውቃታል። ማዶ ባለው ሱቁ ውስጥ ከልጅነቴ ጀምሮ ሁላችንንም ሲያስብላት ኖሯል፣ እሱ ግን ብሏት አያውቅም።»

በዚህ መሐል የታክሲ ነጂው መኪና ከመንገዱ ጫፍ ታጠፈ። ከኋላ መስኮቱ አንዲት ትንሽ እጅ መስታወቱን ትደበድባለች። አይበገሬው ያቺን እጅ አያት። ጉሮሮውን ጠረገ፤ የሰፈሩ ርግቦች በድንጋጤ ተነሡ።

«አቃተኝ» አለ፣ ለሸሚዙ ቁልፍ።

«አልሰማሁም ጋሼ። መኪና እያለፈ ነው።»

«አቃተኝ! አቃተኝ አልኩህ! የራሴ ሣጥን፣ በራሴ እጅ፣ በራሴ ቤት፣ አቃተኝ! ይበቃሃል ወይስ በድምፅ ማጉያ ልበልልህ?»

 እንዲህ ያለ ቃል ከእሱ አፍ ከፍጥረት ወዲህ በዚያ መንገድ አልተሰማም። ሽቦው ግን አልሳቀም። መሣሪያውን አነሣና፣ «እንሂድ ጋሼ» አለ።

ሣጥኑ ፊት ሁለቱ ተንበረከኩ። ሽቦው ሽቦውን ከተተ፣ አዳመጠ፣ ግንባሩን አላበው። ወዲያ ሞከረ፣ ወዲህ ሞከረ።

«ጋሼ፣ ምላሷ የት ነው የተሰካችው? ካልነገርከኝ ማታም አንጨርስ።»

አይበገሬው ዞሮ በሩን አየ። ይህን ጥበብ ለማንም አልተናገረም። ቃሏን ማለት አንድ ነገር ነው፤ ምስጢሩን ለባላንጣ አሳልፎ መስጠት ግን ሱቁን ከነመደርደሪያው እንደማስረከብ ነው። ከውጭ የልጁ ድምፅ ተሰማ። «እማዬ፣ ወጣ? አልገባም፣ እዚሁ እጠብቃለሁ።»

«ከቀዳዳው በላይ» አለ በሹክሹክታ። «ወደ ግራ። ሰያፍ ነው የምትነሣው፣ ቀጥ ብላ አትነሣም። አዎ፣ እዚያ። እንደ ድመት ጆሮ የታጠፈች ትነካሃለች።»

«ነካችኝ።» የሽቦው ዓይን በራ። «ኧረ ጋሼ! ምን ዓይነት ነገር ነው የሠራኸው? ይህማ ጉድ ነው!»

አይበገሬው በዚህ ዕድሜው እንዲህ ያለ ምስጋና ከሚገባው ሰው ሰምቶ አያውቅም። ቢያንስ ለሦስት ንግግር የሚበቃ ነገር ጉሮሮው ላይ መጣበት፤ ጊዜ ስላልነበረ ዋጠው።

«አሁን!»

ሽቦው አነሣ፣ አይበገሬው አዞረ። ሣጥኑ አስነጠሰና ተከፈተ።

ጠርሙሱን ይዞ ብቅ ሲል ደጁ ሞልቶ ነበር። ልጁ ከደፉ ማዶ ሕፃኗን ታቅፋ ቆማለች፤ ከኋላዋ ሰፈሩ ከነወገቡ ተሰልፏል። ይህን ያህል ሕዝብ አይቶ ደግሞ አይበገሬው ዝም አይልም። ጠርሙሱን ከፍ አደረገ።

«ወገኖቼ! ይህ የምታዩት...» አለና፣ እንደ ልማዱ፣ አንኳኳው።

ቸክ ቸክ ቸክ።

ሕፃኗ ዞር አለች። ዓይኗ ጠርሙሱ ላይ አረፈ፤ ፊቷ በርቶ ሁለት እጇን ዘረጋች። አሻንጉሊት መጣላት! አፏን ከፈተች፤ ከታች ሁለት ጥርስ ታየ። ከእናቷ እቅፍ ልትወጣ ተንጠራራች። ወደ አያቷ እንዲህ ተንጠራርታ አታውቅም።

አይበገሬው እጁ በአየር ላይ ቀረ። የፀጉር ቆራጩ የጠቆረ ከንፈር ትዝ አለው፤ ያ ትልቅ ሰው ነበር፣ ግንድ የሚያህል። ቀስ ብሎ ጠርሙሱን አወረደና በመዳፉ ውስጥ ጭምቅ አድርጎ ያዘው፣ እንዳይንኳኳ።  አጠገቡ የነበረ አንድ ባለ ከዘራ ይህን አጋጣሚ ተጠቅሞ ጆሮው ሥር፣ «ከመሄዱ በፊት አንዷን ብቻ፣ ለወገቤ» አለው።

«ሐኪም ቤት ሂድ» አለው አይበገሬው። ሦስት ቃል። ባለ ከዘራው ሌላ ሰው የተናገረ መስሎት ወደ ኋላው ዞረ።

በቁልፉ ጫፍ ስሙን ከጠርሙሱ ላይ እየፋቀ ፋርማሲ ድረስ ሄደ። ሕዝቡ ተከተለው፤ ጋዜጠኛ ቢኖር ኖሮ የመንግሥት ለውጥ ነው ብሎ በዘገበ ነበር። ባለፋርማሲዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣ «ግድግዳውስ?» አለችው።  ጠርሙሱን በቀዳዳዋ ጨመረ። ከውስጥ «ጧ» አለ፣ አለቀ። የብረት ሣጥኗን ቁልፍም ጎንበስ ብሎ አላየውም።

ቤት ሲመለሱ ልጁ ደፉን ተሻግራ ገባች። «ላውርዳት?» አለችው። ሕፃኗ ወለሉን አይታ እግሯን እያወራጨች ነው።

«ቆይ!»

አይበገሬው ኮቱን አወለቀና ተንበረከከ፤ ከዚያ በእጁም ወረደ። የሆዱ ስፌት ትንሽ አማረረ፤ አልሰማውም። ጉንጩን ወለሉ ላይ አድርጎ አልጋው ሥር ተመለከተ። ከዚያ ቁም ሣጥኑ ሥር፣ ከዚያ በሩ ጀርባ፤ እየዳኸ ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ዞረ። ሃያ ምናምን ዓመት የኖረበት ቤት ከዚህ በታች ሌላ አገር ኖሯል። ሥፕሪንግ አለ። ብሎን አለ። የተሰበረ የቁልፍ ጥርስ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የሚስቱ የፀጉር መርፌ አለ። አንዱንም ሳያስቀር ለቅሞ ኪሱ ሊከት አለና እጁን ሰበሰበ፤ «ቆሻሻ ማጠራቀሚያውን አቀብዪኝ» አለ። ሚስቱ ሰውየውን ትኩር ብላ አይታ ማጠራቀሚያውን አመጣችለት።

ፀጉር ቆራጩ፣ ገና ፊቱ የገረጣ፣ በመስኮት ራሱን አስገባ። «ምን ጠፍቶህ ነው አንተ?»

«ምንም አልጠፋኝም» አለ አይበገሬው ከጠረጴዛው ሥር። «ዝም በል፣ ቤቱን በሷ ቁመት እያየሁት ነው።»

«ጋሼ፣ ከሕፃኗ ይልቅ አንተን ነው መታቀፍ ያለብን» አለ ሽቦው ከበሩ። ሁሉም ሳቁ። ልጁም ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ሕፃኗን አወረደቻት።

ሕፃኗ ወለሉ ላይ አንድ ጊዜ ቆም አለች። በፊቷ አንድ ትልቅ ሰው በአራት እግሩ ሲሄድ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ለአፍታ አጠናችው። ከዚያ ቂጧን እያወዛወዘች ተከተለችው፤ ደረሰችበት፤ የሸሚዙን ጫፍ ያዘችና በአፏ ትመረምረው ጀመር።

«ንጹሕ ነው ሸሚዙ?» አለች ልጁ።

«ትናንት ነው ያጠብኩት» አለች ሚስቱ።

አይበገሬው አልተንቀሳቀሰም። ሸሚዙ እስኪመረመር ድረስ ጠረጴዛው ሥር እንዳጎነበሰ ጠበቀ።